ለእናት መታሰቢያ የሚታተም የሕይወት ታሪክ መጽሔት፦ የአዳማ ማተሚያ ቤቶች ሥራ ሲታይ

ለ40 ወይም ለሙት ዓመት የሚታደለውን ትንሽ መጽሔት በማተም በኩል የአዳማ ማተሚያ ቤቶች አይታሙም። ወረቀቱ ጥሩ፣ ስፌቱ ጠንካራ ነው። ፎቶውንና ጽሑፉን ግን ለእነሱ ጥሎ መሄድ አያዋጣም።

የተለመደው መጠን ኤ5 ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሰጣል፤ ስለዚህ ገጹ 8፣ 12፣ 16 እያለ ነው የሚሄደው። 14 ገጽ የሚሞላ ጽሑፍ ካላችሁ ሁለት ገጽ ባዶ ይቀራል፤ ለምስጋናና ለልጅ ልጆች ስም ቀድማችሁ አስቡበት። ለሽፋን 250 ግራም፣ ለውስጥ 130 ግራም አርት ወረቀት ይበቃል። ውስጡ ከመጠን በላይ ከወፈረ መጽሔቱ አፉ አይገጥምም፣ ተከፍቶ ይቀራል። ለ100 ወይም ለ200 ኮፒ ዲጂታል ይሻላል፤ ኦፍሴት የፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ወጪ ስላለው ብዛቱ ካልጨመረ አያዋጣም።

ዋናው ጣጣ ፎቶው ነው። የድሮዋ ጉርድ ፎቶ በስልክ ተነስታ በቴሌግራም ከተላከች ጥራቷ ይወርዳል። ፎቶዋን ራሷን ወስዳችሁ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርጉ፤ መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በአራቱም ቀለም ሲታተም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ስለሚችል በጥቁር ብቻ እንዲታተም ጠይቁ። ጀርባውን ነጭ አድርገው ከቀየሩት ደግሞ የነጠላው ዳር አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው "እናሳምረው" የሚሉት ነው። ባለሙያው የግንባሩን መስቀልና የአንገቱን ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥሮ ያጠፋዋል፣ የፊቱን መስመር ያለሰልሳል፣ መልኩን ያነጣል። በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያረፉ እናት አንገታቸው ባዶ፣ ፊታቸው የሠላሳ ዓመት ሴት ሆኖ ይወጣል። ያንን አንገት አቅፎ ያደገ የልጅ ልጅ መጽሔቱን ሲከፍት አያቱን አያገኛቸውም። ሥራውን ስትሰጡ "ጭረቱን ብቻ አጥፉ፣ ፊቱን አትንኩ" ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ጽሑፉም እንደዚያው። ኮምፒውተራቸው ላይ ስምና ቀን ብቻ የሚቀየርለት የተዘጋጀ ታሪክ አለ፤ በእሱ "እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ" ያልተባሉ እናት የሉም። ሐሰት ነው ማለት አይደለም፣ ግን የማንም እናት ሊሆን ይችላል። የስንት ልጅ ክርስትና እናት እንደነበሩ፣ ማኅበራቸው የየትኛው ታቦት እንደነበር፣ በርበሬ ሲያዘጋጁ ምን ያበዙ እንደነበር ጻፉ። መታወቂያቸው "ናዝሬት" የሚል ከሆነ የሰነዱን ቃል እንዳለ ተዉት።

ዕድሜ ላይ ተጠንቀቁ። "ጣሊያን ሲገባ ዳዴ እል ነበር" ይሉ ከነበረ ልደታቸው 1927 አካባቢ ነው ማለት ነው። ልደታቸው በእኛ፣ ዕረፍታቸው በፈረንጆች ከተጻፈ ግን ዕድሜያቸው ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል። ልጆቹ ውጭ አገር ሲሆኑና የዕረፍቱን ቀን በፈረንጆች ሲጽፉ የሚመጣው ስሕተት ይኸው ነው።

ዩኒኮድ ባልሆነው የድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል፤ በዩኒኮድ ጽፋችሁ ፒዲኤፉንም ጨምሩ። በኦሮምኛም ይታተም ካላችሁ የቁቤው ጽሑፍ ከአማርኛው ረዝሞ ስለሚወጣ ገጹን ቀድማችሁ አስፉ።

ሙሉው ከመታተሙ በፊት በዚያው ወረቀት አንድ ናሙና አስወጡና ከቤቱ ታላቅ ለሆኑት አንብቡላቸው። የዘር ሐረጉን ከማንም በላይ የሚያርሙት እሳቸው ናቸው። እርማቱ ጊዜ ስለሚወስድ ጽሑፉ ከዝክሩ 10 ቀን ቀድሞ ማተሚያ ቤት ይግባ።