ድሬ ኤሲ የምታስጠግኑ፦ የ20 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ 40 ገጠመልኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ላይ «ጥገና በዋስትና» ብሎ የለጠፈ፣ ሁለት ልጆች አስከትሎ በባጃጅ የሚመጣ፣ ገና ሳይነካው «ኮምፕረሰሩ ሄዷል» የሚል።

የኔ ኤሲ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራና ብሬከሩ ይጥላል። ትንሽ ቆይቼ አነሳዋለሁ፣ ደግሞ ይጥላል። በዚህ የግንቦት ሙቀት እዚያ ክፍል የምትተኛው እናቴ ስለሆነች ሳላጣራ ጠራሁት። ኮምፕረሰሩን ለመቀየር 26 ሺህ ብር አለኝ። ደረሰኝ ከፈለግሽ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል ሲለኝ፣ ይቅርብኝ አልኩ።

ካርቶን ተሸክመው ወደ ጓሮ ዞሩ። ቡና አፍዪ አሉኝ፣ አፈላሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ካርቶን ይዘው መጡ፤ «አሮጌው ነው» አለኝ። እስቲ ክፈተው አላልኩም። ከዚያ የብሬከሩን ሳጥን ከፈተ። መብራቱን አጥፍቶት ስለነበር «ባትሪ አብሪልኝ» አለ። አበራሁለት። 20 አምፔሩን በካቻቢቴ ነቅሎ ከኪሱ ሌላ አወጣ። ላዩ ላይ 40 ይላል፤ በያዝኩት ባትሪ ብርሃን ቁጥሩን አንብቤዋለሁ። «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ከእንግዲህ አይጥልም።» እግዜር ይስጥህ ብዬ እዚያው ቆሜ ብሩን በስልኬ ላክሁለት።

እውነትም አልጣለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እናቴ «ፕላስቲክ ይሸተኛል» ብላ ቀሰቀሰችኝ። የሳጥኑ ክዳን እጅ ያቃጥላል።

ጠዋት ጎረቤታችን፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ጋሼ መጡ። ገመዱ ብሬከሩ ውስጥ የሚገባበት ጫፍ ከሰል መስሏል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ለካ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል፤ የላላ ቦታ ይግላል፣ ብሬከሩን ሲጥለው የከረመው እሱ ነው። ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ 40 አምፔር አይችልም። ብሬከሩ የተቀመጠው ገመዱ ሳይቃጠል ቀድሞ እንዲጥል ነበር! ጓሮ ወጥተን ኮምፕረሰሩ ያለበትን የኤሲውን የውጪ ሳጥን አየን፦ ብሎኖቹ ላይ የዓመት አቧራ፣ ጥጉ ላይ የሸረሪት ድር እንዳለ። ማንም አልነካውም። ጋሼ የተቃጠለውን ቆርጠው ጥለው፣ አዲስ 20 ገጥመው አጠበቁት። በዚያው በድሮው ኮምፕረሰር ይኸው እየሠራ ነው።

የተቃጠለውን ገመድ በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ስልኩን እየነካካ «እህቴ፣ ሲሠራ አይተሽ አይደል የከፈልሽው? በይ ደረሰኝሽን አምጪ» አለኝ። ካሸሯ ሳቀች። ሌላ ደንበኛም ቆሞ ይሰማ ነበር፣ እሱም ዝም አለ።

ብሩ ያንገበግበኛል። ግን እናቴ የተኛችው ከዚያ ሳጥን ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ባትሪውን ያበራሁለት እኔ ነኝ፤ ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሚጥል ብሬከር በትልቅ ቁጥር አይቀየርም፣ አታስቀይሩ። ወጣ የተባለውንም ዕቃ ከካርቶኑ አስወጥታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ልጆች በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ካርቶኑን ይዘዋል።