ኮንጋ በቪዲዮ ትምህርት፦ ከደብረ ማርቆስ የዘጠኝ ወር ተማሪ አስተያየት

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፣ ዝርዝሩን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ኮንጋን፣ በእጅ የሚመታውን የኩባ ከበሮ፣ በኢንተርኔት ቪዲዮ መማር ይቻላል። የሚከፈለውም ገንዘብ አይቆጭም። ግን አጠገባችሁ የሚያዳምጣችሁ ሰው ከሌለ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። ቪዲዮው ያሳያል እንጂ አይሰማም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ቢያንስ ሦስት ወር አተርፍ ነበር።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ ከበሮ የሚያውቅ ሰው አይታጣም። ሰርግ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ በንግሥ ቀን፣ ከጾሙ ወቅት በቀር የከበሮ ድምፅ አይጠፋም። ኮንጋ የሚያስተምር ሰው ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ፍላጎቱ ያደረብኝ ከሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ነው። ሙላቱ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሆኖ የኛን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር አዋህዶ ካስቀረጻቸው ሥራዎች ውስጥ ኮንጋው ከታች ሆኖ ሁሉን ተሸክሞ ሲሄድ ይሰማል። ያንን ድምፅ በእጄ ማውጣት ፈለግሁ። ጥቅምት ላይ ጀመርኩ፣ ይኸው አሁን ሰኔ ነው።

ሦስት ዓይነት ትምህርት ሞክሬአለሁ። በነፃ የሚገኙትን ቪዲዮዎች፣ በየወሩ የሚከፈልበት ኮርስ፣ በመጨረሻም ኩባ ካለ አስተማሪ ጋር በቪዲዮ ጥሪ። ድርጅቶቹን በስም አልጠራም፤ ከምለው አብዛኛው በየትኛውም ኮርስ የሚያጋጥም ነውና።

ከትምህርቱ በፊት ግን ከበሮው ራሱ አለ። የፋብሪካ ኮንጋ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ከበሮ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ታቹ ክፍት የሆነ ሥራልኝ አልኩት። «ታቹ ክፍት? ወንድሜ፣ አንድ ፊት ብቻ ያለው ከበሮ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። የኛ ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ በሰፊው ፊት ወፍራሙ፣ በጠባቡ ፊት ቀጭኑ ድምፅ ይወጣል። ኮንጋ ላይ ግን ወፍራሙም ቀጭኑም ከአንድ ቆዳ ነው የሚወጣው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው የእጅ አመታት ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ በታች በኩል ስለሚወጣ ከበሮውን በጉልበት መሃል ይዞ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል። በስልኬ ቪዲዮ አሳየሁት። ሁለቴ ደጋግሞ አየና «ገባኝ» አለ። የበሬ ቆዳ አልብሶ ሠራልኝ። ጥሩ ሥራ ነው።

ችግሩ የመጣው ኮርሱ ሁለተኛ ትምህርት ላይ ስደርስ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ኮንጋዎች እንደ በርሜል ከተገጣጠመ ጣውላ ወይም ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው፣ ቆዳቸውም በብረት ቀለበትና በብሎን ይወጠራል። ትምህርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብሎን በቁልፍ ስለማጥበቅ ነው። የኔ ከበሮ ብሎን የለውም። ለኮርሱ ባለቤቶች ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም። ቆይቼ ከሌላ ቦታ እንዳነበብኩት ድሮ ኩባ ውስጥም ቆዳው በሚስማር ይመታና ከመጫወታቸው በፊት እሳት አጠገብ ያሞቁት ነበር፤ ብሎኑ ኋላ የመጣ ነው። ይህ እኮ እናቴ ሰርግ በመጣ ቁጥር የምታደርገው ነው! ከበሮውን ፀሐይ ታስመታዋለች፣ ደመና ከሆነ ምድጃ ዳር ታስጠጋዋለች። እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ከከሰል ምድጃው ክንድ ያህል አርቄ፣ እያዟዟርኩ፣ አሥር ደቂቃ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ቆዳው ቶሎ ስለሚላላ በየቀኑ ካላሞቅሁት ድምፁ እንደ ካርቶን ይሆናል። ኮርሱ ስለዚህ አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ቢጨምር ብዙ ሰው ይጠቅም ነበር።

ስለ ነፃዎቹ ብዙ አልልም። ለመስማት ግሩም ናቸው። የኩባዋ የማታንዛስ ከተማ ቡድኖች፣ ሰፈር ውስጥ ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም አለ። ለመማር ግን ቅደም ተከተል የላቸውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዘል ከረምኩ። ጮክ ብሎ የሚሰነጥቀው፣ ስላፕ የሚባለው አመታት ስለማረከኝ ከሱ ጀመርኩ፣ በጉልበትም መታሁ። የቀለበት ጣቴ አብጦ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። ስላፕ ከጉልበት እንደማይመጣ፣ ጣቶቹ ጎበጥ ብለው ጫፋቸው ቆዳው ላይ ሲያርፍ በራሱ እንደሚመጣ የነገረኝ የሚከፈልበት ኮርስ ነው። ካመማችሁ አመታታችሁ ስህተት አለበት፣ አቁሙ።

ኮርሱ በወር 20 ዶላር ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። ይህ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው እንቅፋት መሆኑን አውቃለሁ። ዳታውም ሌላ ወጪ ነው። ቪዲዮውን አውርዶ ማየት ይቻላል፣ እኔ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄጄ የሳምንቱን አወርዳለሁ። ጥራቱን በጣም አትቀንሱት። በ240 ሲታይ ጣቶቹ ስለሚደበዝዙ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። 480 ይበቃል።

ምን ያስተምራል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ክፍት ድምፅ። አራቱ ጣቶች ተጣምረው ከዳሩ ላይ ያርፋሉ፣ የመዳፉ ሥጋ ጠርዙን ይነካል፣ እጁ ወዲያው ይነሣል። በቃ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ከኮርሱ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ክፍል ነው። አንድ ካሜራ ከፊት፣ አንድ ካሜራ ከላይ ስለሚቀርጽ እጁ ቆዳው ላይ የት እንደሚያርፍ በትክክል ይታያል። ፍጥነቱንም በግማሽ ቀንሶ ማየት ይቻላል።

ቀጥሎ ቱምባኦ ይመጣል፣ የኮንጋ መሠረታዊ ምት ነው፣ ማርቻም ይሉታል። በአራት ቆጠራ ውስጥ ስምንት ምት ነው። ግራ እጅ አንዴ በመዳፉ ግርጌ አንዴ በጣቶቹ እየተወዛወዘ ይሄዳል፣ ቀኝ እጅ ሁለት ላይ ስላፕ፣ አራት ላይ ሁለት ክፍት ይመታል። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ ግርጌ፣ ጣት፣ ስላፕ፣ ጣት፣ ግርጌ፣ ጣት፣ ክፍት፣ ክፍት። ሳልሳ ስትሰሙ ከታች «ዱም ዱም» የሚሉት እነዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እንዲረጋ ለማድረግ ግን እኔ አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁንም ከፍጥነት ጋር ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ኮርሱ ሊያውቀው የማይችለው አንድ ነገር አለ። የኛ ጆሮ ያደገው በችክችካ ነው፣ ችክችካ ደግሞ በ6/8 ይሄዳል። ቱምባኦ በአራት ነው። ሳላስበው እጄ ወደ ቤቱ ይመለስብኛል፣ ምቱ ይወዛወዝና እስክስታ እስክስታ ይለኛል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ይህን አያይም፣ እኔም አልሰማሁትም። የሰማችው እናቴ ናት። እንጀራ እየጋገረች «ልጄ፣ ይሄ የኛ ሰርግ ነው፣ ያ ሰውዬ የሚመታው እንዲህ አይደለም» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ግራ እጅህ ተኝቷል» አለች። ቀድቼ ብሰማው እውነት ነው፤ የግራው ምት የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜዋን ሙሉ ከበሮ የመታች ሴት ናት፣ ኩባ ካርታ ላይ የት እንዳለች ባታውቅም የተኛ እጅ ትለያለች።

ሁዳዴ ሲገባ «በጾም ከበሮ አይመታም» አለችኝ፣ ልክ ናት። 55 ቀን ትራስ ላይ ተለማመድኩ። ትራስ ድምፅ ስለሌለው ለክፍትና ለስላፕ አይሆንም፣ ለግርጌና ለጣት ግን ከበሮውን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቆዳው መልሶ አያነሣላችሁም፣ እጃችሁ ራሱ መሥራት አለበት። ፋሲካ አልፎ ከበሮው ላይ ስመለስ ግራ እጄ ነቅቷል። ጎረቤት የሚረበሽባችሁ ሁሉ ትራስ ሞክሩ።

ከዚያ ክላቬ አለ። ሁለት ዱላ ተጋጭቶ የሚሰማ አምስት ምት ነው፣ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት፤ የአፍሮ-ኩባ ሙዚቃ ሁሉ በዚያ ላይ ይታሰራል። ሶንና ሩምባ የሚባሉት የኩባ ሙዚቃ ዓይነቶች የየራሳቸው ክላቬ አላቸው፣ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ በሩምባው ሦስተኛዋ ምት በግማሽ ቆጠራ ትዘገያለች። ኮርሱ ይህን ከስልክ በሚወጣ ድምፅ ያለማምዳል። ስልኩ ግን አይጠብቅም፣ ስትሳሳቱ እሱ ይሄዳል። እናቴን አጨብጭቢልኝ አልኳት። የኛ ጭብጨባ እኩል እኩል ስለሚሄድ መጀመሪያ አልተመቻትም። «ይቺ ጭብጨባ ታነክሳለች» አለች። በሁለተኛው ቀን ያዘችው። ስሳሳት ታቆማለች፣ ስይዘው ትቀጥላለች፣ በዚያች ሳምንት የተማርኩት በወር ከተማርኩት ይበልጣል።

ታሪኩን ኮርሱ በጥሩ ሁኔታ ይነግራል። ኩባዎች ከበሮውን ቱምባዶራ ይሉታል፣ ሥሩ ከኮንጎ አካባቢ በባርነት ተግዘው ከሄዱት ሰዎች ከበሮ ነው። የኩባው ባንድ መሪ አርሴኒዮ ሮድሪጌዝ በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ባንድ አስገባው፣ ኩባዊው ኮንጋ መቺ ቻኖ ፖዞ ደግሞ በ1947 ከአሜሪካዊው የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ከዲዚ ጊለስፒ ጋር ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ቀርቦ ከጃዝ ጋር አገናኘው። ፖዞ በዓመቱ እዚያው ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ሰፈር ውስጥ ተገደለ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ። ይህን ስሰማ አዘንኩ፣ እጁን ደጋግሜ ነው ያዳመጥኩት። የሩምባ ሦስቱን ዓይነቶች፣ ያምቡን፣ ጓጓንኮንና ኮሉምቢያን፣ ለየብቻ ያስተምራሉ። ዩኔስኮ ሩምባን በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ኮሉምቢያ በ6/8 ስለሚሄድ ለኛ ሰው ቀላል ይሆናል ብዬ አስባለሁ፣ ኮርሱ ግን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው። እኔ ብሆን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሱ አስጀምር ነበር።

የቀጥታው ትምህርት በሰዓት 25 ዶላር ነው። ግንቦት ላይ ሦስት ጊዜ ወሰድኩ። እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኩባ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ይመቻል። መብራት ግን እዚህም እዚያም ይጠፋል፣ አንዱ ትምህርት በዚህ ተቋረጠ። አብሮ መምታት አይቻልም፣ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለታችሁም ትሳሳታላችሁ። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያዳምጣል። አንድ ምክር፦ የጥሪ መተግበሪያው የከበሮ ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ አስተማሪው እጄን እያየ ምንም አልሰማም። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ማጥሪያውን አጥፉ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት እርማት ግን ወርቅ ነው። ትከሻዬ እንደሚነሣ፣ አውራ ጣቴ እንደሚገባ፣ ወዲያው ነገረኝ።

ቋንቋው ስፓኒሽ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ አስተረጎሙልኝ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። «አቢየርቶ ክፍት ነው፣ ታፓዶ የተከደነ ነው» እያሉ ቃል በቃል ነገሩኝ። ትምህርቱ አልቆ ስልኩ ሲዘጋ አልሄዱም። «እስቲ ጓጓንኮ ምታ» አሉኝ። መታሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ሰሙና «ቸኮልክ፣ ልጅቷ ገና አልዞረችም» አሉ። ጓጓንኮ የወንድና የሴት ጭፈራ ነው፣ ከበሮው ጭፈራውን ይጠብቃል። ይህን የትኛውም ቪዲዮ እንዲህ አልነገረኝም።

ለኮርሱ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለሦስት ወርም አድሻለሁ። የቀጥታውን በወር አንድ ጊዜ ውሰዱ፣ ይበቃል። ኮርሱ አሁን ጓጓንኮ ላይ አድርሶኛል፣ ጓጓንኮ ግን ለአንድ ሰው አይሆንም። ቱምባ የሚባለውን ወፍራሙን ከበሮ የሚይዝ አንድ፣ መሃለኛውን የሚይዝ አንድ፣ ኪንቶ የሚባለውን ቀጭኑን የሚመታ አንድ፣ ክላቬ የሚያጋጭ አንድ ይፈልጋል። ክላቬው እናቴ ናት። ደብረ ማርቆስ ወይም አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከበሮ የለመደ እጅ ያላችሁ ሁለት ሰዎች ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ዋንዛውም አለ፣ ከበሮ ሠሪውም ሁለተኛውን ጀምሮታል።