በሬዚን የታተመ 392 ሄሚ ሞተር ለ1/25 ድራግስተር

ክራይስለር በ1957 እና በ1958 (እ.ኤ.አ.) መኪኖቹ ላይ የገጠመው 392 ሄሚ የአሜሪካ ድራግ (በቀጥታ መንገድ የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር) ተወዳዳሪዎች ለዓመታት የሙጥኝ ያሉት ሞተር ነው። በስሪዲ ፕሪንተር ከሬዚን (ከሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የታተመው ይህ ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያነሰ ሞዴል በዝርዝር ሥራው ከኪቱ (ከተገጣጣሚው የድራግስተር ሞዴል) የፕላስቲክ ሞተር እጅግ ይሻላል፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው የሱፐርቻርጀሩ ቺንጋ ጥርስ ሳይቀር ይለያል።

ጣጣው መግጠሙ ላይ ነው። ብሎኩ ከሻሲው ቱቦዎች መሃል ጠበቅ ስለሚል፣ ከቀለም በፊት እየለኩ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ መሞረድ ግድ ነው፤ ደረቅ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሬዚን ስለማያቀልጥ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ክሮም የተቀቡ ክፍሎችም የሚጣበቁበት ቦታ ካልተፋቀ ንክት ሲያደርጓቸው ይላቀቃሉ።

ደስ የሚለው የካንዴላ ገመዱ ነው። የእውነተኛው ውፍረት 8 ሚሊ ገደማ ስለሆነ፣ ለ25 ሲካፈል እዚህ 0.3 ሚሊ ሽቦ ይበቃል። ከኋላ ባለው ማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው) ላይ 8 ቀዳዳ በ0.4 ሚሊ መብሻ፣ በእጅ ብቻ፤ በኤሌክትሪክ ድሪል ከሆነ ሬዚኑ ይሰነጠቃል። ገመዶቹ በየቫልቭ ሽፋኑ መሃል አራት አራት ሆነው ይገባሉ፤ ጎዶሎ ቁጥር ሲሊንደሮቹ በሹፌሩ ግራ፣ ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2።

የድራግስተር ሞተር ገላጣ ስለሆነ ወጪው ያዋጣል። ኮፈን ለሚለብስ ሞዴል ግን ብር ማባከን ነው።