«ጋሼ፣ አዲስ አይግዙ» ላለኝ ልጅ ምስጋና

የካ አባዶ፣ ኮተቤ፣ ለገጣፎ አካባቢ ያላችሁ፣ የኮምፒውተር ሰው ከፈለጋችሁ ጠይቁኝ። ስልኩን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ስላላስፈቀድኩት ስሙን እዚህ አልጻፍኩም።

ቤታችን ጄሊፊን (የራሳችንን ቪዲዮዎች አደራጅቶ የሚያሳይ ፕሮግራም) የጫንኩበት አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አለ። የልጆች ፊልም አለበት፤ ከሁሉ በላይ ግን ከድሮ ካሴት ያስገለበጥናቸው የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎች አሉበት፣ እማዬ ያለፉትን እህቶቿን የምታያቸው እዚያ ላይ ነው። ቪዲዮ ወደፊት ስትገፉ ከታች ብቅ የሚሉ ትንንሽ ምስሎች አሉ አይደል፣ ትሪክፕሌይ የሚባሉት? እማዬ የምትፈልገውን ፊት በእነሱ ነው የምታገኘው። ለሁሉም ቪዲዮ እንዲዘጋጁ አዘዝኩ። መከራው ከዚያ ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተጀመረው ሥራ በማግስቱ ማታም አያልቅም። ፋኑ ይጮሃል፣ ፊልሙ ይቆራረጣል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ የለፋበት ሁሉ መሀል ላይ ይቀራል።

አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሳይከፍቱት «አሮጌ ነው፣ ቀይረው» አሉኝ።

ይሄ ልጅ ግን ቤት ድረስ መጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳይነካ ስክሪኑን ብቻ አየ። ከዚያ «ጋሼ፣ አዲስ አይግዙ። ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የወደቀው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ሰባተኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ነው። ውስጡ ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል አለው፣ እሱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አበራው። ለትሪክፕሌይ ደግሞ ለብቻው ማብራት ያስፈልጋል፣ ይሄንን ከሱ ነው የሰማሁት። ቀጥሎ ምስሎቹ ከቁልፍ ፍሬሞች (ቪዲዮው ውስጥ አልፎ አልፎ ሙሉ ሆነው ከተቀመጡት ምስሎች) ብቻ እንዲወሰዱ አደረገ፤ እስከዛሬ ማሽኑ አንዷንም ፍሬም ሳያልፍ ሲፈታ ነበር የሚውለው።

በጣም የገረመኝ ግን ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያየው ነገር ነው። ሃርድ ዲስኩ ጥቁሩ ዩኤስቢ ላይ ተሰክቷል። ነቀለና ሰማያዊው ላይ ሰካው። ጥቁሩ 2.0 ነው፣ በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት። ሰማያዊው 3.0 ነው፣ እስከ 5 ጊጋቢት ያሳልፋል። ዲስኩ ራሱ ያን ያህል አይሮጥም፣ ግን በሩ ጠቦት ኖሯል። ሲጨርስ ፋኑን በብሩሽ ጠረገልኝ፤ የሰፈራችንን አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ሲቆላ ከፍቼ አየሁት። አልቋል! ፋኑም ጸጥ ብሏል።

የለወጠውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ጎን ለጥፎልኛል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ዳታቤዙን፣ ጄሊፊን የቪዲዮዎቹን መረጃ የሚይዝበትን ማለቴ ነው፣ እሱ ላይ ብናደርገው ይፈጥናል፣ ግን አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ በዚህ ይሞክሩት» አለኝ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እማዬም የታላቅ እህቷን ሠርግ እያየች መርቃሃለች።

በሥራ ቀን የሚመቸው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ቅዳሜ ግን ሙሉ ቀን ይመጣል።