የአዋቂ አሻንጉሊት ቲያትር ደብረ ብርሃን ላይ፦ ሟቹ ጎበዝ፣ ቀባሪዎቹ ለፍላፊ

መጀመሪያ ይሄን ልበልና ልገላገል፣ ቲያትሩ የልጆች አይደለም። አሻንጉሊት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ ምትለን የቲቪዋ ቀጭኔ ፀሐይ ናት፣ ፖስተሩ ላይ ደሞ "የአሻንጉሊት ቲያትር" ብቻ ነው የተፃፈው፣ ስለዚህ ሰው ልጁን እየጎተተ መጣ፣ መጋረጃው ሲከፈት መድረክ ላይ ሬሳ። የእድሩ ዳኛ የመጀመሪያዋን ስድብ ሲለቃት አጠገቤ የነበረች እናት የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ደፍና ይዛው ወጣች። "ለአዋቂ ብቻ" ብሎ መፃፍ ስንት ቀለም ይፈጃል ግን?

ታሪኩ ቀላል ነው። ባሻ ሞተዋል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ እድርተኛው ያድራል፣ ካርታ ይጫወታል፣ አረቄ ይቀዳል። ባሻ ግን ብድግ ብለው እዛው ለቅሷቸው መሀል ይዞራሉ፣ ማንም አያያቸውም፣ ስለሳቸው ሚወራውን ሁሉ ይሰማሉ። ማን ብድር እንዳለባቸው ያወራል፣ ማን በርኖሳቸውን ማን ይወርሰዋል እያለ ያሰላል። ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ሚያውቀው ነገር ነው፣ ቀልዱም ከዛ ነው ሚመጣው።

ቡድኑ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ቀን አንዱ ባጃጅ ይነዳል አንዷ ሱቅ ትውላለች፣ ያው ማታ ማታ ነው ሚለማመዱት። ግን ባሻን የሰሩበት እጅ የቀልድ አይደለም። ጭንቅላታቸው ጋዜጣ ተዘፍዝፎ በዱቄት ማጣበቂያ ተለውሶ የተሰራ ነው፣ ሰውነታቸው ስፖንጅ፣ ቁመታቸው የአምስት ዓመት ልጅ ያክላል፣ ላያቸው ላይ ጣል ያረጉላቸው እውነተኛ የመንዝ ሱፍ በርኖስ በልካቸው ተሰፍቶ። ሚይዟቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ጥቁር ለብሰው። አንዱ ጭንቅላትና ቀኝ እጅ፣ አንዱ ግራ እጅ፣ አንዷ እግር። ይሄ አያያዝ ቡንራኩ ከሚባለው የጃፓኖች ባህላዊ የአሻንጉሊት ቲያትር ነው፣ እዛ እግር ብቻ ይዞ አስር ዓመት መማር አለ ይባላል፣ የኛዎቹ በዛች ልምምድ እዚህ መድረሳቸው ይደንቃል።

ለምሳሌ ባሻ ሲቀመጡ። አረጋዊ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አይታችኋል አይደል፣ ዝም ብሎ ዱብ አይልም። ግራ እጃቸው ወደኋላ ሄዶ በርጩማውን ይፈልጋል፣ ይነካዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይነካዋል፣ ከዛ ጉልበታቸው ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ትከሻቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፣ እፎይ እንዳለ ሰው። ያቺ ትንፋሽ ናት ነገሩን ሁሉ ምታደርገው፣ ጭንቅላት የያዘው ልጅ ራሱ ሲተነፍስ አሻንጉሊቱም ይተነፍሳል፣ ሌሎቹ ሁለቱም በሱ ትንፋሽ ነው ሚሄዱት፣ ሲነሱ አብረው ሲዞሩ አብረው። ደሞ ሦስቱም አይናቸው ከባሻ ማጅራት አይነቀልም። እነሱ ሚያዩትን እኛም እናያለን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በቃ ሰዎቹ ጠፉብኝ፣ ባሻ ብቻ ቀሩ።

ካርታዋ ላይ ደሞ አዳራሹ ፈነዳ። የባሻ ጓደኛ እየተበላ ነው፣ ባሻ ከተቃራኒው ኋላ ቆመው የሰውየውን ካርታ አዩት፣ ጭንቅላታቸው ቀስ ብሎ ወደ ጓደኛቸው ዞረ፣ በጣታቸው ምልክት ሰጡ፣ ማን ያያቸዋል። ሄደው ትከሻውን ነኩት። ጓደኛቸው ቁንጫ የበላው መስሎት እከክ እከክ አረገና መጣል የሌለበትን ካርታ ጣለ። አንድም ቃል አልተወራም እኮ!

ችግሩ ወሬው ሲጀመር ነው። እድርተኞቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ሚያዙ፣ አፋቸው ሚከፈት ሚዘጋ አሻንጉሊቶች ናቸው፣ አፉና ቃሉ አይገጥምም፣ አንዱ ተናግሮ ጨርሶ አፉ ገና ይንቀጠቀጣል። አይናቸው ደሞ ጣሪያ ላይ ነው ምክንያቱም የያዘው ልጅ እጁ ሲደክመው አንጓው ወደኋላ ይታጠፋል የአሻንጉሊቱም አገጭ ይሰቀላል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ለቅሶውን ትቶ ዝናብ ይምጣ አይምጣ ሚያይ ነው ሚመስለው። ይሄ በልምምድ ሚስተካከል ነገር ነው፣ መስታወት ፊት ቆሞ መስራት ብቻ ነው። ሚከብደው ዝምታን ማመን ነው። ባሻ በአንድ የጭንቅላት ንቅናቄ የጨረሱትን ነገር ዳኛው መጥቶ በቃላት ይደግመዋል፣ ፀሐፊው ደሞ ይደግመዋል፣ ኧረ ገብቶናል!

መጨረሻው ላይማ ተናደድኩ። ንጋት ላይ ባሻ ተመልሰው ይተኛሉ፣ እግር የያዘችው ልጅ ለቀቀቻቸውና ሄደች፣ ግራ እጅም ተለቀቀ፣ ከዛ የመጨረሻው ልጅ ጭንቅላታቸውን መሬት አስነክቶ እጁን አወጣ። ሞቱ። ሰው ተዋናይ ሞቶ ሲጋደም ሆዱ ሲነሳ ሲወርድ እናየዋለን፣ አሻንጉሊት ግን ስትለቀው እውነት ጨርቅና ወረቀት ነው ሚሆነው፣ ከዛ በላይ ሞት መድረክ ላይ አላየሁም። እዛ ላይ መብራቱን ማጥፋት ነበር። እነሱ ግን ዳኛውን አመጡና ስለመደጋገፍ ስለአብሮነት የወርክሾፕ ንግግር አስደረጉት። ለምን???

"ትልቅ ሰው ምን አሻንጉሊት ያያል" ላላችሁኝ፣ የሀገራችን ዘመናዊ ቲያትር የተጀመረው እኮ በአውሬ ነው። በ1910ዎቹ ደራሲው ተክለሐዋርያት ተክለማርያም፣ የኛው የስያ ደብር ሰው፣ እንስሳ አናግሮ ነው ሹሙን የተቸው፣ ቲያትሩም በዘውዲቱ ጊዜ ታግዷል። ለልጅ ቢሆን ማን ያግደው ነበር። አፍሪካ ውስጥም ኬፕታውን በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሀንድስፕሪንግ የሚባል ቡድን አለ፣ በአሻንጉሊት ለአዋቂ ሲሰራ ዓለም ያወቀው።

አዳራሹን በተመለከተ፣ ወለሉ ዝርግ ነው፣ ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ የባሻን እግር አያይም፣ ያቺ ልጅ የለፋችበት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። መድረኩን በጠረጴዛ ከፍ ማድረግ ይቻል ነበር። መብራቱ ፊት ለፊት በአንድ ስፖት ስለሆነ የሦስቱ ልጆች ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ግንብ ይቆማል፣ ከጎንና ከጎን ቢያበሩት ጥቁር ልብሱ ስራውን ይሰራ ነበር። ማይክ ባይኖርም ድምፅ ይሰማል።

መግቢያው ከአንድ ጥብስ ዋጋ በታች ነው፣ አያስቆጭም። ለባሻ 5 ከ5፣ ለእድሩ 2፣ በግድ። ደግመው ሊያሳዩ ነው ተብሏል፣ ምትሄዱ ቀደም ብላችሁ ፊት ወንበር ያዙ፣ ጋቢ ደርቡ የደብሬን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ዳኛው ለንግግር ሲነሳ ደሞ ውጡ፣ ምንም አያመልጣችሁም።