የአንጎል ማጣሪያው ሴንቲነል፦ ለአባባ ገብቶላቸው ያየሁት

አባባ ጅማ ከተመለሱ ጀምሮ ቤታችን ጠያቂ ጠፍቶበት አያውቅም። ቡናው ሳይፈላ የሁሉም ጥያቄ አባባ የልብ ሕክምና ሲደረግላቸው ስለገባላቸው «ወንፊት»፣ ስለ አንጎል ማጣሪያው ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

የአባባ የልብ ቫልቭ፣ አዎርቲክ የሚባለው፣ በዕድሜ ብዛት ደርቆ አልከፈትም ብሎ ነበር። ከመርካቶ ቤት እስኪደርሱ ሦስት ቦታ ያርፋሉ። ወንድሜ አሜሪካ ወሰዳቸውና ደረታቸው ሳይከፈት በብሽሽታቸው የደም ሥር አዲስ ቫልቭ ገባላቸው። ታቪ ይሉታል። አሮጌው ቫልቭ ካልሲየም ስለተጋገረበት አዲሱ ሲገፋው ፍርፋሪ ይነሳል፤ ፍርፋሪው በደም ተወስዶ አንጎል ውስጥ ከተቀረቀረ ስትሮክ ነው። ቦስተን ሳይንቲፊክ የሚባለው ኩባንያ ሴንቲነል የተሠራው ለዚህ ነው። በቀኝ እጅ አንጓ ይገባና ወደ አንጎል በሚወጡ ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ትንንሽ ማጣሪያ ይዘረጋል፣ ሥራው ሲያልቅ የያዘውን ይዞ ይወጣል። ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ሐኪሙ ከማጣሪያው የወጣውን ለወንድሜ አሳየው፣ እሱም ፎቶውን ላከልኝ። ነጫጭ ስብርባሪ። ይሄ ሁሉ ወደ አባባ ጭንቅላት ሊሄድ ነበር ብዬ አለቀስኩ።

ያን ቀን ብትጠይቁኝ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። ካነበብኩ በኋላ ግን ሦስት ላይ ቆሜያለሁ። ፍርፋሪ መያዙን ይይዛል። ትልቁ ጥያቄ ስትሮክን ይቀንሳል ወይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው 3,000 ሰው ባሳተፈው ጥናት፣ ማጣሪያ ከገባላቸው 2.3 በመቶ፣ ካልገባላቸው 2.9 በመቶ ስትሮክ መታቸው፤ ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው ከባዱ ስትሮክ ግን 0.5 ለ1.3 በመቶ ስለነበር ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። ከዚያ በ2025 የእንግሊዞቹ ጥናት ወጣ፣ 7,635 ሰው፤ ስትሮክ የመታቸው ማጣሪያ ከገባላቸው 2.1፣ ካልገባላቸው 2.2 በመቶ። እኩል ናቸው በሉት። ደግሞ በግራ በኩል ከኋላ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ማጣሪያው አይሸፍነውም።

ሆስፒታሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ከሰጣችሁ እሰየው፣ ተቀበሉ። ለብቻው ክፈሉ ከተባላችሁ ግን ሐኪሙን በደንብ ጠይቁ፤ የቡና መሬት የሚሸጥለት ዕቃ አይደለም። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ደቂቃ ሳታባክኑ ሐኪም ጥሩ፣ ማጣሪያ ገባም አልገባም።

ጎረቤታችን «ለልጄም ይሄንን ባስገባላትስ?» ብላ ስትጠይቀኝ አንጀቴን በላችኝ። የልጅቷ ልብ የተጎዳው በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ባመማት ኢንፌክሽን ነው፣ ሩማቲክ የሚሉት፣ እዚህ አገር ስንቱን ወጣት የያዘው። ማጣሪያው ቫልቭ ሲቀየር የሚነሳ ፍርፋሪ ይይዛል እንጂ ይሄንን አያክምም። ለእሷ ሐኪሞቹ ያዘዙላት በየአራት ሳምንቱ የምትወጋውን ፔኒሲሊን ነው፣ እሱን እንዳታቋርጥ። ባለፈው ወር አንዱ አምልጧት ነበር። የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮዋ ነው፣ እኔ ነኝ የምወስዳት።