ሬድፊሽ ማጥመድ ለመጀመር፦ ካፒቴን፣ ካያክ ወይስ ከዳር?

አትላንታ ያሉ ጓደኞቼ ሰመር ሲመጣ አንድ ጥያቄ አላቸው። "ሳቫና ወርደን ሬድፊሽ ማጥመድ እንፈልጋለን፤ መጀመሪያ ምን እንግዛ?" ሳቫና የጆርጂያ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ሬድፊሽ ደግሞ እዚያ ረግረጉ ውስጥ የሚገኝ የጨው ውሃ ዓሣ ነው። እኔ የምመክራቸው የአንድ ካፒቴን፣ ማለትም በጀልባው ወስዶ የሚያስጠምድ ሰው፣ ግማሽ ቀን እንዲገዙ ነው። ካያኩ፣ ያ በመቅዘፊያ የሚሄደው ትንሽ ጠባብ ጀልባ፣ ይቆይ።

ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ እያጠመደ ያደገ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ሐይቁ ግን ጠዋትም ማታም ያው ባለበት ነው። የጆርጂያ ባሕር ዳር ረግረግ በየ6 ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል። ልዩነቱ ከ6 እስከ 9 ጫማ ይደርሳል። ጠዋት ዓሣ የነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውሃው ሲሞላ ሬድፊሹ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ሸርጣን ይለቅማል። ሲጎድል ይወጣና የትናንሾቹ ጅረቶች አፍ ላይ፣ የኦይስተር (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ክምር ዳር ይጠብቃል። ሽሪምፑና ደቃቁ ዓሣ ከሚወርደው ውሃ ጋር እሱው ዘንድ ይመጡለታል። ይህን ያላወቀ ሰው የ1,000 ዶላር ዕቃ ይዞም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ካፒቴን ለግማሽ ቀን፣ ማለትም ለ4 ሰዓት ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ዶላር ያስከፍላል። ቲፑ ለብቻው ነው። ለሦስት ከተካፈላችሁት አይከብድም። ጀልባው፣ ዘንጉ፣ መንጠቆው፣ ማባበያው ሁሉ የእሱ ነው። ስትደውሉ ግን "ማጥመድ መማር እንፈልጋለን" ብላችሁ ንገሩት። አለዚያ እሱ ወርውሮ፣ እናንተ ጎትታችሁ ትመለሳላችሁ። በቆመበት ቦታ ሁሉ ለምን እዚህ እንደቆመ፣ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት። ቦታውን በስልክ ምልክት አታድርጉ፤ እንጀራው ነው። የቦታውን ዓይነት ካወቃችሁ ሌላ መቶ ቦታ ታገኛላችሁ።

ካያክ በረጅም ጊዜ ሲታይ ርካሹ ነው። ደህና ያገለገለ ከ500 እስከ 800 ዶላር ይገኛል፤ መቅዘፊያና የሕይወት ጃኬት ግን ጨምሩበት። ድምፅ የለውም፣ ጀልባ የማይገባበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይገባል። እወደዋለሁ። ነገር ግን በሁለተኛ ጉዞዬ ውሃው ሞልቶ ሳለ አንዲት ጠባብ ጅረት ውስጥ ገባሁ። ዓሣው ስለነበር ቆየሁ። ዞር ስል መውጫው ጭቃ ሆኗል። ያ ጭቃ እስከ ጭን ስለሚውጥ ወርዶ መራመድ አይታሰብም፤ የኦይስተሩ ቅርፊት ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ውሃው እስኪመለስ ፀሐይ ላይ 5 ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የሚጠጣ ውሃዬም አለቀ። ያን ቀን የውሃውን ሰዓት ባውቅ ኖሮ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እወጣ ነበር። ለጀማሪ ካያክ ይቆይ የምለው ለዚህ ነው።

ከዳር ማጥመድ ዋጋው ትንሽ ነው። ወደ ታይቢ ደሴት ስትሄዱ መንገድ ላይ የላዛሬቶ ክሪክ ፒር (ወደ ውሃው የተዘረጋ መድረክ) አለ፤ ጄኪል ደሴት ላይም አለ። ልጆች ላሏቸው ከሁሉ ይሄ ይሻላል። ጉድለቱ፣ ዓሣው ሲንቀሳቀስ መከተል አይቻልም።

ከዳርም ሆነ በካያክ፣ ከ80 እስከ 150 ዶላር የሚሆን አንድ ስፒኒንግ ዘንግ ከነሪሉ (ከነክር መጠቅለያው) ይበቃል። 7 ጫማ፣ መካከለኛ ጥንካሬ፣ ሪሉ 2500 ወይም 3000 ቁጥር። ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ብሬድ (የተጎነጎነ) ክር፣ ጫፉ ላይ 20 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር፣ እሰሩበት። ከፖፒንግ ኮርክ (ሲጎተት ድምፅ ከሚያሰማ ተንሳፋፊ) ሥር ሕይወት ያለው ሽሪምፕ በሰርክል መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ በታጠፈ ክብ መንጠቆ) ሰክታችሁ ወርውሩ። ሰርክል መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የአፉን ጥግ ስለሚይዝ ዓሣውን ሳይጎዱ መልቀቅ ይቀላል። ታዲያ ዓሣው ሲነክስ እጃችን እንደለመደው በድንገት መሳብ አይሠራም፤ ዝም ብሎ በእርጋታ መጠቅለል ነው። ፍላይ ዘንግ (ከላባና ከክር የተሠራ ቀላል ማባበያ የሚወረወርበት) ያማረው ሰው ለዚህ ዓሣ 8 ቁጥር ይይዛል፤ እኔ ግን በሁለተኛው ዓመት እላለሁ። ስትመለሱ ሪሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጨው አይምርም።

ከዳርም ሆነ በካያክ ከ16 ዓመት ጀምሮ የጆርጂያ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለጨው ውሃ ደግሞ ኤስ አይ ፒ የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ አለ። ሬድፊሽ ላይ ከታችም ከላይም የርዝመት ወሰን አለ። ትልልቆቹ ዘር የሚተኩት ናቸውና ይመለሱ። ሕጉ ይቀየራል፤ ሉዊዚያና በ2024 የቀን ገደቡን ከ5 ወደ 4 ዓሣ አውርዳለች። ስለዚህ በሄዳችሁ ቁጥር የግዛቲቱን ደንብ እዩ።

ካፒቴን የምትይዙ ከሆነ ለሴፕቴምበርና ኦክቶበር አሁኑኑ ደውሉ። ጥሩው ወቅት እሱ ነው፤ ቅዳሜዎቹ ቶሎ ይያዛሉ።